ኮምፒውተር ፊት ለሚውል ሰው፦ ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ የማስተካከያ መመሪያ

ማጅራት ሲጠዘጥዝ ወይም ወገብ ሲይዝ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚነካው ስክሪኑን ነው። ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ጠጋ ያደርገዋል። ከሁለት ቀን በኋላ ሕመሙ ቦታ ቀይሮ ይመጣል፤ አንገቱን ለቆ ትከሻውን ይይዘዋል። ስክሪን ግን የመጨረሻው ሥራ ነው። የስክሪኑን ከፍታ የሚወስነው ዐይንዎ ያለበት ቦታ ነው፤ ዐይንዎ የት እንደሚሆን የሚወስነው ወንበሩ ነው፤ ወንበሩን የሚወስኑት ደግሞ እግርና ክርን ናቸው። ታችኛው ሳይስተካከል የላይኛውን መነካካት ልፋት ብቻ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን በቅደም ተከተሉ ይሥሩት። አርባ ደቂቃ ይበቃል። የሚያስፈልገው የልብስ ሰፊ ሜትር፣ አንድ መካከለኛ ፎጣ፣ ሁለት ላስቲክ ወይም ክር፣ ጥቂት ወፍራም መጻሕፍትና ፎቶ የሚያነሳ ስልክ ነው። ሥራ ላይ የሚያደርጉትን ጫማ አድርገው ይለኩ፤ ተረከዝ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ስለሚጨምር በባዶ እግር የተወሰደ ልኬት ይዛባል።

1. ወንበሩን ከእግርዎ ጋር ማስማማት

ከወንበሩ ፊት ለፊት ይቁሙና የመቀመጫውን ከፍታ ከጉልበት ሎሚዎ ትንሽ ዝቅ እስኪል ያስተካክሉት። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው ይቀመጡ፤ ዳሌዎ መደገፊያውን ይንካ። ውስጥ እግርዎ በሙሉ ወለሉ ላይ ይረፍ። ጭንዎ ከወለሉ ጋር ትይዩ፣ ወይም ወደ ጉልበት በኩል በጣም ጥቂት ያዘቀዘቀ ይሁን።

አሁን መዳፍዎን ዘርግተው ከጉልበትዎ አጠገብ በወንበሩ ጠርዝና በጭንዎ መካከል ያስገቡ። ሳይጨናነቅ ከገባ ልክ ነው። በግድ ከገባ ወንበሩ ረዝሟል፤ ጠርዙ የጭንን ሥር ስለሚጫን እግር ይደነዝዛል፣ ከሰዓት በኋላም ቁርጭምጭሚት ያብጣል። እጅዎ ገብቶ ሰፊ ክፍተት ከተረፈ ወንበሩ አጥሯል። ወንበር ሲያጥር ጉልበት ከዳሌ በላይ ይወጣል፣ ዳሌ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ወገብ ይጎብጣል። ወገብ ከጎበጠ ደግሞ ማጅራት ቀጥ ሊል አይችልም፤ ራስ ወደ ፊት መውጣቱ የግድ ነው። የአንገት ሕመም ምንጩ ወንበር የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ቀጥሎ ጥልቀቱን ይመልከቱ። ከወንበሩ ጠርዝ እስከ ጉልበትዎ ማጠፊያ ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያህል ክፍተት ሊኖር ይገባል። ክፍተት ከሌለ ወንበሩ ለእርስዎ ጥልቅ ነው። ጥልቅ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ሳያውቀው ወደ ጠርዙ ስለሚንፏቀቅ ከመደገፊያው ይለያል። መፍትሔው ከጀርባ ጠንከር ያለ ትራስ ማስገባት ነው።

2. ወገብ

የወገብ አጥንታችን በተፈጥሮው ወደ ውስጥ የገባ ቅስት አለው። ወንበሩ ይህን ቅስት የሚደግፍ ከሌለው ፎጣውን ርዝመቱን አጥፈው ይጠቅልሉት፤ ጥቅሉ የክንድዎን ውፍረት ያህል፣ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይምጣ። ሁለቱን ጫፎች በላስቲክ ይሰሩና ቀበቶ በሚታሰርበት ከፍታ ከጀርባዎ ያድርጉት። ሲደገፉበት መጠኑ በግማሽ መሟሸሽ አለበት። ካልሟሸሸ አጥብቀው ጠቅልለውታል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራሱ ያሳምማል። የጎድን አጥንትዎን የሚገፋ ከመሰለዎት ደግሞ ከቦታው ወደ ላይ ወጥቷል ማለት ነው።

መደገፊያው እንደ ግድግዳ ቀጥ ማለት የለበትም። ከመቀመጫው ጋር ከ100 እስከ 110 ዲግሪ ያህል ማዕዘን እስኪሠራ ወደ ኋላ ሲያዘነብል የላይኛው አካል ክብደት ከፊሉ ወደ መደገፊያው ይሄዳል፤ ወገብም ይቀለዋል። «ቀጥ ብለህ ተቀመጥ» የሚለው የልጅነት ትእዛዝ ያለ ድጋፍ ሰዓታት ለሚቀመጥ ሰው አይሠራም። የጀርባ ጡንቻ ደቂቃዎች ይታገሣል፣ ከዚያ ይዝላል፣ ከዚያ ሰውየው ይጎብጣል። ወንበሩ የሚወዛወዝ ከሆነና መወዛወዣው ተቆልፎ ከቆየ ይክፈቱት፤ ትንሽ ትንሽ መንቀሳቀስ ይጠቅማል።

የኪስ ቦርሳ ወይም ስልክ ከኋላ ኪስ ያውጡ። አንዱን ዳሌ ከፍ ስለሚያደርግ አከርካሪን ወደ ጎን ያጣምማል፤ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቁን ነርቭም ሊጫን ይችላል።

3. ክርንና ጠረጴዛ

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ በተለይ ቁመቱ መካከለኛ ወይም አጠር ያለ። የተለመደ የቢሮ ጠረጴዛ ከ72 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ይህ ረጅም ለሆነ ሰው ይስማማል፤ ለሌላው ከፍ ይላል።

ተቀምጠው ትከሻዎን ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ስበው ይልቀቁት። ክንድዎ ከጎንዎ ተንጠልጥሎ ክርንዎን ወደ 90 ዲግሪ ይጠፉት። ሌላ ሰው ከወለሉ እስከ ክርንዎ ሥር ይለካልዎት። ኪቦርዱ የሚቀመጥበት የጠረጴዛ ፊት ከዚህ ልኬት ጋር እኩል፣ ወይም አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ መሆን አለበት።

በቁጥር እናስላው። የክርንዎ ከፍታ 66 ሴንቲ ሜትር፣ ጠረጴዛው 73 ቢሆን ልዩነቱ 7 ነው። ጠረጴዛው ዝቅ የሚል ከሆነ ዝቅ ያድርጉትና ጨረሱ። የማይል ከሆነ ወንበሩን በ7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት፤ በዚያው ልክ 7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነገር ከእግርዎ ሥር ያስገቡ። ጠንካራ ካርቶን፣ የታሰሩ ወረቀቶች፣ አጭር የእንጨት መርገጫ፣ የተገኘው ይሆናል፤ ብቻ ሁለቱም እግሮች በሙሉ የሚያርፉበት ሰፊ ይሁን፣ አይንሸራተት። ወንበሩን ከፍ አድርጎ እግርን አንጠልጥሎ መተው ችግሩን ከትከሻ ወደ ጭን ማዛወር ነው።

ጠረጴዛ ከክርን በላይ ሲሆን ምን እንደሚፈጠር በራስዎ መፈተሽ ይችላሉ። ግራ እጅዎን በቀኝ ትከሻዎና በአንገትዎ መካከል ባለው ጡንቻ ላይ ያሳርፉ። አሁን በቀኝ እጅዎ ማውሱን ይያዙ። ጡንቻው ከጣቶችዎ ሥር ሲጠነክር ከተሰማዎት ትከሻዎ እጅዎን ተሸክሞ እየሠራ ነው። ያ ጡንቻ ቀኑን ሙሉ ሳይላላ ሲቆይ በውስጡ የሚያልፉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጫናል፤ ደም እንደ ልብ አያልፍም፤ ማታ ላይ እንደ ገመድ የተቋጠረ ነገር ይዳሰሳል። ማሸት ለጥቂት ሰዓት ያላላዋል እንጂ ጠረጴዛው እስካልተስተካከለ ድረስ ተመልሶ ይመጣል።

የወንበሩ የክንድ ማሳረፊያ ክርንን ሳይገፋ የሚነካ ብቻ ይሁን። ትከሻን ወደ ላይ ከገፋ ዝቅ ይበል። ከጠረጴዛው ጋር እየተጋጨ ወደ ፊት እንዳይጠጉ ከከለከለዎት ነቅሎ መጣል ይሻላል።

4. እጅ፣ ኪቦርድና ማውስ

ኪቦርድዎን ገልብጠው ከኋላ ያሉትን ሁለት ትንንሽ እግሮች ይጠፏቸው። ኪቦርዱ ከኋላ ከፍ ሲል የእጅ አንጓ ወደ ላይ ይታጠፋል። በእጅ አንጓ ውስጥ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ወለሉና ግድግዳው አጥንት፣ ጣሪያው ጠንካራ ጅማት ነው። በዚያ ጠባብ ቦታ ጣቶችን የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ አብረው ያልፋሉ። አንጓው ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ሲታጠፍ በመተላለፊያው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ከሁሉ ለስላሳ የሆነው ነርቩ ስለሆነ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው። ስለዚህ ከክርን እስከ ጣት ግርጌ ቀጥ ያለ መስመር ይጠብቁ፤ ከጎንም ከላይም ሲታይ።

የጂ እና የኤች ፊደል ቁልፎች መካከል ከእምብርትዎ ትይዩ ይሁን። በስተቀኝ የቁጥር ቁልፎች ያሉት ሰፊ ኪቦርድ ማውሱን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ክንድ ከጎን እየራቀ የተዘረጋ ይውላል። ቁጥር ብዙ የማይጽፉ ከሆነ የቁጥር ቁልፍ የሌለውን አጭር ኪቦርድ ይምረጡ። ማውሱ ከኪቦርዱ ጋር በእኩል ከፍታና ጎን ለጎን ይሁን። ሲያንቀሳቅሱት ከአንጓ ሳይሆን ከክርን ይምጣ፤ አያያዝዎም እንቁላል እንደ መያዝ የላላ ይሁን። የጠቋሚውን ፍጥነት ከማስተካከያው ውስጥ ከፍ ያድርጉት፤ ከስክሪኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ለመድረስ ማውሱን እያነሱ መልሰው የሚያስቀምጡ ከሆነ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ነው።

የአንጓ ማሳረፊያ ትራስ ለእረፍት ነው። እየጻፉ አንጓን በእሱ ላይ መጫን መተላለፊያውን ከታች መጫን ነው። በሚጽፉበት ጊዜ እጅ ከላይ ይንሳፈፍ፣ ሲያቆሙ ይረፍ። የጠረጴዛው ጠርዝ ስለታም ከሆነ በተጣጠፈ ጨርቅ ይሸፍኑት።

ምልክቶቹን ለይቶ ማወቅ ብዙ ጊዜ ያተርፋል። አውራ ጣት፣ አመልካች ጣት፣ የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ሲደነዝዙ ወይም ሲነዝሩ፣ በተለይም ሌሊት ቀስቅሰው እጅ ሲያስራግፉ፣ ጉዳዩ የአንጓው መተላለፊያ ነው። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከሆኑ ግን አንጓን ማስተካከል አብዛኛውን ጊዜ አይፈይድም፤ ያ ነርቭ በብዛት የሚጫነው በክርን ጀርባ ሲያልፍ ነው። ክርንን በጠንካራ ነገር ላይ መደገፍና ስልክን ጆሮ ላይ ይዞ ክርንን አጥፎ መቆየት ያቁሙ። ለመጀመሪያው ዓይነት፣ ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ አድርጎ መተኛት ከሚሠሩት ቀላል መፍትሔዎች አንዱ ነው፤ ተኝተን ሳናውቀው አንጓችንን አጥፈን ስለምናድር። ዕቃ ከእጅ መውደቅ ከጀመረ ወይም በአውራ ጣት ግርጌ ያለው ሥጋ ከሌላው እጅ አንጻር ከሳሳ አይጠብቁ፤ ሐኪም ጋር ይሂዱ። ነርቭ ለረጅም ጊዜ ከተጫነ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

5. ስክሪን

አሁን ተራው ደረሰ። ወደ መደገፊያው ተደግፈው ክንድዎን ወደ ፊት ይዘርጉ፤ የጣትዎ ጫፍ ስክሪኑን ይንካ። በአብዛኛው ሰው ይህ ከ50 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። በጣም ሰፊ ስክሪን ከሆነ ትንሽ ይራቅ። ጽሑፉ ካልታየዎት ስክሪኑን አያስጠጉ፤ ጽሑፉን ያተልቁ።

የስክሪኑ የላይኛው መስመር ከዐይንዎ ጋር እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ይበል። መሃሉን ሲያዩ እይታዎ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያህል ወደ ታች ያዘነብላል፤ ለዐይን የሚስማማው ይህ ነው። ቅርብና ሩቅ በአንድ ላይ የሚያሳይ መነጽር ለሚያደርጉ ግን ይህ ልኬት አይሆንም። በመነጽሩ ታችኛ ክፍል ለማየት አገጫቸውን እያነሱ ስለሚያነቡ ማጅራታቸው ይታጠፋል። እነርሱ ስክሪኑን ከዚህ ዝቅ አድርገው፣ ታችኛው ጠርዝ ወደ ጠረጴዛው እስኪጠጋ፣ ፊቱን ወደ ላይ ያዘንብሉት።

ሁለት ስክሪን ያለው ሰው እኩል የሚጠቀምባቸው ከሆነ መገጣጠሚያቸውን ከአፍንጫው ትይዩ ያድርግ። አንዱ ዋና ከሆነ እሱ ፊት ለፊት ይሁን፣ ሌላው በጎን። ቀኑን ሙሉ አንገትን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሮ መሥራት በአንድ ወገን ብቻ፣ በአንድ ትከሻ ብቻ ለሚሰማ ሕመም የተለመደ ምክንያት ነው።

ላፕቶፕ የተሠራው ለመጓዝ ነው። ስክሪኑና ኪቦርዱ ስለተጣበቁ ለእጅ ካመቻቹት አንገት ይጎነበሳል፤ ለአንገት ካመቻቹት ትከሻ ይነሳል። መካከለኛ የለውም። በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ የሚሠሩበት ከሆነ ከአንድ ስንዝር ትንሽ ባነሰ ከፍታ፣ ከ12 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር፣ በመጻሕፍት ከፍ አድርገው ኪቦርድና ማውስ ለብቻ ይግጠሙለት። የአየር ማስወጫ ቀዳዳዎቹ እንዳይደፈኑ ይጠንቀቁ። የአዋቂ ሰው ራስ ከ4 ተኩል እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል፤ ከትከሻ በላይ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ አጥንቱ ይሸከመዋል፣ ወደ ፊት በተጎነበሰ መጠን ግን ጫናው ወደ ማጅራት ጡንቻ እየዞረ ብዙ እጥፍ ይሆናል።

ሁሉን ከጨረሱ በኋላ ሌላ ሰው ከጎን ፎቶ ያንሳዎት። ተስተካክለው ሲቀመጡ ግን አይደለም፤ ሥራ ከጀመሩ ከአርባ ደቂቃ በኋላ፣ ሳይነግርዎት። ጆሮ ከትከሻ፣ ትከሻ ከዳሌ በላይ ካለ ቦታው ልክ ነው። ጆሮ ቀድሞ ከወጣ ስክሪኑ ርቋል ወይም ፊደሉ አንሷል። ዳሌ ከመደገፊያው ከራቀ ወደ ወንበሩ ጥልቀት ይመለሱ።

6. ዐይን

ዐይን የሚቆጠቁጠው በዋናነት ስለሚደርቅ ነው። ዘና ብለን ስንቀመጥ በደቂቃ ወደ 15 ጊዜ ዐይናችንን እናርገበግባለን። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ይህ በግማሽና ከዚያ በላይ ይቀንሳል፤ የሚርገበገበውም የዐይን ቆብ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። እንባ ዐይንን የሚያለብሰው ቆቡ ታች ሲደርስ ስለሆነ የታችኛው ክፍል ሳይረጥብ ይውላል። ስክሪኑ ከዐይን ዝቅ ይበል የተባለበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው፤ ወደ ታች ስናይ ቆቡ ወረድ ስለሚል ለአየር የሚጋለጠው ይቀንሳል።

በየ20 ደቂቃው ቢያንስ ለ20 ሰከንድ 6 ሜትርና ከዚያ በላይ የራቀ ነገር ይመልከቱ። ቅርብ ስናይ በዐይን ውስጥ ያለ ትንሽ ጡንቻ ይኮማተራል፤ የሚላላው ሩቅ ስናይ ብቻ ነው። ስልክ ማየት እረፍት አይደለም፤ ስልኩ ከስክሪኑም ይቀርባል። በዚያው ጊዜ ዐይንዎን ቀስ ብለው ለሁለት ሰከንድ ይዝጉ፣ ይክፈቱ፤ አሥር ጊዜ።

መስኮት ከጎንዎ ይሁን። ከፊት ከሆነ ብርሃኑ ዐይን ላይ ያበራል፤ ከኋላ ከሆነ በስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል። የስክሪኑን ብርሃን ለመለካት ነጭ ወረቀት ከጎኑ ያቁሙ፤ ባዶ ነጭ ገጽ ከወረቀቱ ይልቅ እንደ አምፖል ካበራ ይቀንሱት፣ ግራጫ ከመሰለ ይጨምሩት። ጠዋት ልክ የነበረው ማታ ስለማይሆን አንድ ጊዜ አስተካክሎ መተው አይሠራም። የፊደሉን መጠን ለመፈተሽ ከተለመደው ርቀትዎ ሦስት እጥፍ ርቀው ያንብቡ፤ በጭንቅም ቢሆን ከተነበበ ይበቃል። ቬንትሌተር ወይም የአየር ማቀዝቀዣ ወደ ፊትዎ የሚነፍስ ከሆነ አቅጣጫውን ይቀይሩ።

ከ40 ዓመት በኋላ ቅርብ ለማየት የሚያስቸግረው የሌንሱ መጠንከር ነው። የንባብ መነጽር አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ለ40 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ስክሪንዎ ግን በ60 ወይም በ65 ላይ ነው። መነጽር ሲሠሩ የለኩትን ርቀት በቁጥር ለባለሙያው ይንገሩት። ሰማያዊ ብርሃን የሚያጣሩ መነጽሮችን በተመለከተ፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ዓለም አቀፍ ድርጅት ኮክሬን በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የጥናቶች ግምገማ በአጭር ጊዜ የዐይን ድካምን ከተራ ሌንስ የተለየ እንደማይቀንሱ ነው ያመለከተው። ገንዘብዎን ለትክክለኛ ልኬት ያውሉት። ሰው ሠራሽ እንባ በቀን ከአራት ጊዜ በላይ የሚጠቀሙ ከሆነ ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን ይምረጡ። የዐይን መቅላት የሚያጠፉ ጠብታዎችን ግን አያዘውትሩ፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ መቅላቱ ብሶ ይመለሳል።

7. መነሣት

እስካሁን የተሠራው ሁሉ የሚያደርገው ጉዳቱን ማዘግየት ነው። በጣም በተስተካከለ ወንበር ላይም ቢሆን ሳይንቀሳቀሱ ሦስት ሰዓት መቀመጥ ይጎዳል። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች በአዋቂ ሰው የራሳቸው የደም ሥር የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ምግባቸውን የሚያገኙት ከአካባቢው እየሰረገ ነው፣ ለዚህም መጫንና መላላት፣ ማለትም እንቅስቃሴ፣ ይረዳል። ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ወደ ላይ የሚገፋው ደግሞ የባት ጡንቻ ነው። ባት ካልሠራ ደሙ እግር ላይ ይዘገያል።

በየ30 ደቂቃው ይነሡ። ሁለት ደቂቃ ቢሆንም ይበቃል፤ ከቻሉ አምስት ደቂቃ ይራመዱ፣ በተለይ ከምግብ በኋላ፣ የደም ስኳርን ስለሚያወርድ። በራስ መታመን ግን አይሠራም፤ ሥራ ሲሞቅ ሰዓት ይረሳል። ደወል ይሙሉ። ደወሉን እያጠፉ የሚቀጥሉ ከሆነ ሌላ መላ አለ፦ ከትልቅ የውኃ ጠርሙስ ይልቅ 250 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ብርጭቆ ጠረጴዛዎ ላይ ያድርጉ፤ ስትጨርስ ለመሙላት መነሣትዎ አይቀርም፣ ውኃውም በተራው ያስነሣዎታል። ስልክ ሲደወል ቆመው ያንሱ።

ከፍ ዝቅ የሚል ጠረጴዛ ያለዎት ቆመው አይዋሉ። ሙሉ ቀን መቆም ወገብንና እግርን ያሳምማል፣ ለእግር ደም ሥር መወጠርም ያጋልጣል። በመጀመሪያው ሳምንት በሰዓት 10 ደቂቃ ይቁሙ፣ ቀስ በቀስ ወደ 20 ያድርሱት። ሲቆሙም የክርኑ ልኬት እንደገና ይሠራል፤ ጠረጴዛውን ከቆመ ክርንዎ ጋር ያስተካክሉ።

ከሥራ ሰዓት ውጭ ያለው እንቅስቃሴ የራሱ ድርሻ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ቀኑን ተቀምጦ ለሚውል ሰው ግን ወደ ላይኛው ቁጥር መጠጋት ይሻላል። በ2016 እ.ኤ.አ. ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መረጃ ያጠቃለለ ጥናት፣ በቀን ከ60 እስከ 75 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ የሚያደርጉ ሰዎች ላይ ከ8 ሰዓት በላይ መቀመጥ ከሞት ጋር ያለው ተያያዥነት እንደሚጠፋ አሳይቷል። ፈጠን ብሎ መራመድ ይቆጠራል፤ መለኪያው እየተራመዱ ማውራት ችለው መዝፈን ሲያቅትዎት ነው።

በሥራ መካከል በቀን ሁለት ጊዜ የሚሠሩት ይህ ነው፤ በአንድ ዙር ስድስት ደቂቃ አይሞላም።

አገጭ መሳብ፦ ፊትዎን ሳያነሡና ሳያቀረቅሩ አገጭዎን ቀጥ አድርገው ወደ ኋላ ይሳቡ፣ ድርብ አገጭ እስኪፈጠር። 5 ሰከንድ ይያዙ፤ 10 ጊዜ። ወደ ታች ካቀረቀሩ ስህተት ነው፤ መንገዱ አግድም ነው።

የትከሻ ሳህን፦ ሁለቱን የትከሻ አጥንቶች ወደ ኋላና ወደ ታች ያቀራርቡ፣ 5 ሰከንድ፣ 10 ጊዜ። ትከሻ ወደ ጆሮ ከወጣ ያን የደከመ ጡንቻ መልሰው እያሠሩት ነው።

ደረት፦ በር መቃን ላይ ክንድዎን ከክርን እስከ መዳፍ አሳርፈው፣ ክርኑ ከትከሻ ጋር እኩል ሆኖ፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይግቡ። 30 ሰከንድ በየጎኑ።

የዳሌ ፊት፦ አንድ ጉልበት መሬት ላይ፣ ሌላው እግር ከፊት። የተንበረከኩበትን ጎን መቀመጫ አጥብቀው ጠበቅ ያድርጉና ዳሌዎን ትንሽ ወደ ፊት ይግፉ። 30 ሰከንድ በየጎኑ። መቀመጫውን ሳያጠብቁ ከተገፉ የሚታጠፈው ወገብ ይሆንና ጥቅሙ ይቀራል።

ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፦ እጅ ሳይጠቀሙ 10 ጊዜ፤ ከዚያ ቆመው ተረከዝ ማንሣት 15 ጊዜ።

መሳሳብ ብቻውን አይበቃም። የላላ ግን ደካማ ጡንቻ በማግስቱ ተመልሶ ይወጠራል። በሳምንት ሁለት ቀን የላስቲክ መሳቢያ ወደ ደረት መሳብ፣ በጀርባ ተኝቶ ዳሌን ማንሣት፣ በክርን ተደግፎ አካልን ቀጥ አድርጎ መያዝ፤ እያንዳንዱ ሦስት ዙር። ለውጥ የሚሰማው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ነው፤ ከዚያ በፊት ተስፋ አይቁረጡ።

8. ሕመሙ አስቀድሞ ከጀመረ

ሙሉ በሙሉ መተኛት ለወገብም ለአንገትም አይጠቅምም። ሥራውን ይቀንሱ፣ እረፍቱን በየ20 ደቂቃው ያድርጉት፣ መራመድዎን አያቁሙ። ማውስ የሚይዘው እጅ ካመመ ለሁለት ሳምንት ወደ ሌላው ያዛውሩት፤ ሦስት ቀን ያስቸግራል፣ ከዚያ ይለመዳል። ማስታገሻ ውጦ በዚያው መጠን መቀጠል ትልቁ ስህተት ነው፤ ሕመሙ «አቁም» የሚልዎት ድምፅ ስለሆነ እሱን አፍኖ መሥራት ጉዳቱን ያሰፋል። በሁለት ሳምንት ካልቀለለ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወይም ሐኪም ይመልከተው።

እነዚህ ግን ቀጠሮ የማይሰጣቸው ናቸው። ከወገብ ሕመም ጋር በብልትና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ ወይም እግር እየደከመ መሄድ። የአንድ እግር ባት ብቻ ማበጥ፣ መሞቅና ማመም፤ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ከታከለበት አፋጣኝ ነው። በድንገት ዐይን ውስጥ ብልጭታ፣ ብዙ ጥቋቁር ነጠብጣቦች፣ ወይም እይታን የሚሸፍን እንደ መጋረጃ ያለ ጥላ። በእነዚህ ላይ ወንበር ማስተካከል አይጀመርም፤ በዚያው ሰዓት ሕክምና ቦታ ይኬዳል።

ሲጨርሱ አራት ቁጥሮችን በትንሽ ወረቀት ጽፈው ከጠረጴዛው ሥር ይለጥፉ፦ የወንበሩ ከፍታ፣ የእግር መርገጫው ከፍታ፣ የስክሪኑ ርቀት፣ የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከጠረጴዛው ያለው ከፍታ። ወንበሩን ሌላ ሰው ሲቀመጥበት፣ ወይም የጽዳት ሠራተኛ ሲያንቀሳቅሰው፣ በሁለት ደቂቃ ወደ ቦታው ይመልሱታል። አዲስ መነጽር ሲያደርጉ፣ የጫማ ተረከዝ ሲቀይሩ ወይም ስክሪን ሲተኩ ከቁጥር አንድ ጀምረው እንደገና ይለኩ።